ጠይም ፊት ይዞ ለሙታን መዘመር ስለመከልከሉ

ለክቡር አቶ ሊውታውራስ ካቲልዩስ፣
የጊልቬናይ ከተማ የስንብት አዳራሽ ዳይሬክተር

ክቡር ሆይ፣

ይህ ደብዳቤ እጅዎ ሲገባ እርስዎና መላው ቤተሰብዎ በመልካም ጤንነት ላይ እንድትሆኑ፣ የበላችሁትም ምሳ ለአጥንትና ለሥጋ የሚሆነውን ሁሉ ሰጥቷችሁ በሰላም እንዲያልፍ ከልቤ እመኛለሁ። ምኞቴ እንግዳ ከሆነብዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ አንጀቱ ተቆርጦ ያጠረበት ሰው ለወዳጁ ከዚህ የበለጠ የሚመኘው ነገር የለውም።

ደብዳቤውን በፖስታ አሽጌ ወደ ቢሮዎ ልልከው ነበር። ነገር ግን እርስዎ ስለ ፊቴ ያወጡትን ማስታወቂያ ከተማው ሁሉ እንዲያነበው በአዳራሹ በር ላይ ስለለጠፉት፣ የእኔም ምስጋና በዚያው ልክ አደባባይ ቢወጣ ለክብርዎ የሚመጥን መስሎ ስለታየኝ ለጋዜጣችን ሰጥቼዋለሁ።

ለማያውቁኝ አንባቢዎች፣ ዙዛና ራውዲዬኔ እባላለሁ። ሰው ሲሞት፣ ሬሳው አዳራሹ ውስጥ አርፎ ዘመድ ወዳጅ በሚሰበሰብበት ምሽት ጥግ ይዘው የሐዘን መዝሙር የሚዘምሩትን ሰዎች የምመራው እኔ ነኝ። ብዙ አይደለንም። እኔ ዜማውን አነሳለሁ፤ በፊት ፖስታ ቤት ትሠራ የነበረችው ኮስታንሲያ ሁለተኛውን ድምፅ ትይዛለች፤ አናጢው ዜኖናስ ደግሞ በወፍራም ድምፁ ከሥር ሆኖ ሁለታችንንም ይሸከመናል። ሥራውን የጀመርኩት ፀጉሬ ሳይሸብት ነው። አንድ ሰው ሬሳ አጠገብ መዘመር እወዳለሁ ሲል ለሰሚው ደስ እንደማይል አውቃለሁ፤ እኔ ግን እወዳለሁ። የመጀመሪያው መዝሙር ሲያልቅ፣ ትከሻቸውን ሰብስበው እንደ እንጨት ደርቀው የተቀመጡ ሰዎች ቀስ ብለው ይፈቱና ማልቀስ ይጀምራሉ። እዚያ ላይ እኔ የምጠቅም ሰው እንደሆንኩ ይሰማኛል። በሽታዬ ብዙ ነገር ወስዶብኛል፤ ድምፄን ግን እስካሁን አልጠየቀኝም።

ስለ በሽታው ሳልናገር ስለ ፊቴ መናገር ስለማልችል ትንሽ ይታገሡኝ። ክሮን ይባላል፤ አንጀት የሚያቆስል፣ ተኛ ሲሉት የሚነሳ ሕመም ነው። ሐኪሞች በሁለት ቀዶ ሕክምና ከትንሹ አንጀቴ አብዛኛውን አውጥተውልኛል። በቀረው በኩል ድንችና ሾርባ በልክ በልኩ ያልፋል፤ ቫይታሚን ዲ ግን አይያዝም። ክኒን ሞከርን፣ ጠብታ ሞከርን፣ መጠኑን ጨምረን ሞከርን፤ እንደ ገባ ወጣ። እኛ አገር ደግሞ ከመከር ጀምሮ በጸደይ ሽመላዎቹ እስኪመለሱ ድረስ ያለችው ፀሐይ ለይስሙላ የምትወጣ መሆኗን እርስዎም ያውቃሉ። አምና ክረምት አጥንቴ ሁሉ እንደ ታመመ ጥርስ ይጠዘጥዘኝ ጀመር። ከወንበር የምነሳው ጠረጴዛ ይዤ ነበር። የመዝሙሩን ረጅም ትንፋሽ ስስብ ጎኔን ይወጋኝ ነበር።

ባሕሩ ዳር ባለው ትልቅ ሆስፒታል የምትከታተለኝ ዶክተር ስካይስቴ የደም ምርመራዬን አይታ ወረቀቱን ገልብጣ አስቀመጠችው።

«አንጀትዎ ያልቻለውን ቆዳዎ ሊሠራው ይችላል» አለችኝ። «ትክክለኛውን ብርሃን ካገኘ ቫይታሚኑን እዚያው ያዘጋጀዋል። እዚህ የመብራት ክፍል አለን፤ በሳምንት ብዙ ጊዜ መመላለስ ግን ይጠበቅብዎታል።»

ሞከርኩት። በአውቶቡስ ተንገጫግጬ ደርሼ፣ በአውቶቡስ ተንገጫግጬ ስመለስ፣ አጥንቴን ላስጠግን የሄድኩበት መንገድ አጥንቴን ሊጨርሰው ሆነ። ያን ጊዜ ነው በቀልድ፣ «ከመናኸሪያው ጀርባ ዩርጊታ የምትባል ፀጉር ሠሪ ቆዳ የሚያጠይም የመብራት አልጋ አላት፤ እዚያ ልተኛ እንዴ?» ያልኳት። ዶክተሯ አልሳቀችም። የዩርጊታን ስልክ ቁጥር ጠየቀችኝ።

ዩርጊታ ሁለት አልጋ አላት። አንዱ አዲስ ነው፤ ሙሽሮችና ለሠርግ የተጠሩ ልጃገረዶች ይተኙበታል። ሌላው አሮጌ ነው፤ ለብረት ሰብሳቢ ልትሰጠው ግድግዳ አስጠግታው ነበር። ዶክተሯ ከሐኪም በላይ መርማሪ ፖሊስ ሆና በስልክ ጠየቀቻት። ዩርጊታ ወለሉ ላይ በሆዷ ተኝታ፣ በባትሪ እያበራች፣ በመብራቶቹ ጫፍ ላይ የተጻፈውን አነበበችላት።

«አዲሱን ይርሱት» አለች ዶክተሯ። «አብዛኞቹ እንደሱ ናቸው፤ ቆዳ ያስረጃሉ እንጂ ለአጥንት የሚሆን ነገር አይሰጡም። የአሮጌው ብርሃን ግን የምንፈልገው ዓይነት አለበት። እንዳይጥሉት።»

ከዚያ ስንት ደቂቃ እንደምተኛ ወሰነች፤ መነጽር አዘዘችልኝ፤ ቆዳዬን ስንዝር በስንዝር ተመለከተች፤ ደሜን በየጊዜው ልትመረምር ቀጠረችኝ። ስወጣ በር ላይ አስቁማ፣ «ወይዘሮ ዙዛና፣ ይሄ ለእርስዎ ብቻ ነው። ሌላ ሰው ‘ዙዛና ተሻላት’ ሲሉ ሰምቶ ሄዶ እንዳይጋደም። በተለይ ቆዳን ለካንሰር የሚያጋልጥ መድኃኒት የሚወስድ ሰው ካለ በበሩም አይለፍ» አለችኝ። ይህን ጋዜጣ የሚያነብ ሁሉ ይህን ቃል ከእኔ ታሪክ አስበልጦ እንዲይዘው አደራ እላለሁ።

ክቡር ሆይ፣ ሠራ። አጥንቴ ዝም አለ። ጠረጴዛ ሳልይዝ ተነሳሁ። ትንፋሼ ተመለሰ። አንድ ነገር ብቻ ሁላችንም አላሰብነውም ነበር፤ ጠየምኩ። በጥር ወር፣ በረዶው እስከ ጉልበት በደረሰበት፣ ከተማው ሁሉ እንደ ተላጠ ድንች በነጣበት ሰሞን፣ እኔ ብቻ ከሞቃት የባሕር ዳርቻ እንደመጣች እንግዳ ሆንኩ።

ዜኖናስ ገና ሲያየኝ፣ «ዙዛና፣ ወይ ግብፅ ሄደሽ ደብቀሽናል፣ ወይ ምድጃ ውስጥ ወድቀሽ ነበር» አለ። ዳቦ ሻጯ ደግሞ ለእኔ ሳይሆን ከእኔ ኋላ ለተሰለፈችው ሴት፣ «አንዳንዱ በሰው ለቅሶ ባገኘው ገንዘብ ባሕር ዳርቻ አሸዋ ላይ ይጋደማል» አለች። ይህን ሁሉ በሳቅ አሳለፍኩት። እርስዎ ግን ነገሩን በሳቅ የሚያልፍ ሰው ባለመሆንዎ ቢሮዎ አስጠሩኝ። እንግዲህ ቢሮ የሚወደው በቁጥር የቀረበ ነገር ነው ስለተባለ ከዚህ ጀምሮ ቅሬታዬን በቁጥር አቀርባለሁ።

አንደኛው ቅሬታዬ ስለ አቀባበልዎ ነው፤ ይኸውም ከመጠን በላይ ያማረ ስለነበር ነው። ወንበር ሳቡልኝ። ከዚያ፣ «እሺ ወይዘሮ ዙዛና፣ ጉዞው እንዴት ነበር?» አሉኝ።

«የምን ጉዞ?»

«ያው… ፀሐይ ወዳለበት አገር።»

«ከመናኸሪያው አልፌ የትም አልሄድኩም» ብዬ ስለ አንጀቴም፣ ስለ አጥንቴም፣ ስለ መብራቱም አንድ በአንድ ነገርኩዎት። በትሕትና አዳመጡኝ። እንዲያውም ራስዎን ነቀነቁ። ስጨርስም እንዲህ አሉ፦

«በድምፅዎ ላይ ምንም ቅሬታ የለኝም። ቅሬታው ፊትዎ ላይ ነው። ይገባኛል፣ ሕመም ነው። ታዲያ ይህን ለእያንዳንዱ ሐዘንተኛ በር ላይ ቆሜ ላስረዳ? ሰው አባቱን ሊቀብር መጥቶ ስለ እርስዎ አንጀት መስማት አይፈልግም።»

እውነትዎን ነው፤ አይፈልግም። እኔም ልነግረው አልፈልግም ነበር። እርስዎ ግን ያለ መፍትሔ የሚያሰናብቱ አለቃ አይደሉምና መሳቢያዎን ከፍተው ክብ ቆርቆሮ አወጡ። ነጭ የፊት ዱቄት ነበር። «ለሟቾቻችን የምንጠቀምበት ነው» አሉኝ፤ «ጥራቱ አስተማማኝ ነው፤ እስካሁን አንድም ቅሬታ አልመጣበትም።»

ሁለተኛው ቅሬታዬ ስለዚሁ ዱቄት ነው። በማግስቱ የጡረተኛው የመድኃኒት ቀማሚ የስንብት ምሽት ነበር። ተቀባሁት። አዳራሹ ሞቃት ነው፣ ሻማው ብዙ ነው፣ እኔም በሙሉ ደረቴ ነው የምዘምረው። ሦስተኛው መዝሙር ላይ ስንደርስ ዱቄቱ ከላብ ጋር ተቦክቶ በጉንጬ ላይ መውረድ ጀመረ። የሟቹ እህት ቀና ብለው አዩኝና ማልቀሳቸውን አቆሙ። ኮስታንሲያ መጽሐፏን አፏ ላይ አድርጋ ወደ እኔ ጠጋ አለችና፣ «ዙዛና፣ ሳጥን ውስጥ ያሉት ሰውዬ ካንቺ ይሻላሉ» አለችኝ። ትክክል ነበረች። አንድ ዓይነት ዱቄት ተቀብተን ነበር፤ እሳቸው ላይ ግን አልወረደም። ዜኖናስ ሳቁን ሊውጥ ሲታገል የሰጠን ድምፅ በምንም የመዝሙር መጽሐፍ ውስጥ የለም። ሐዘንተኞቹን ይቅርታ የጠየቅኩት እኔ ነኝ፤ እርስዎ ዱቄቱን ሰጥተው ወደ ቤትዎ ሄደው ነበር።

ሦስተኛው ቅሬታዬ ስለ ማስታወቂያው ነው። ለጋዜጣው አንባቢ እንዳለ አቀርበዋለሁ፤ ከእኔ አንድ ፊደል አልጨመርኩም፦ «የሐዘንተኞችን ስሜት ለመጠበቅ ሲባል በአዳራሹ የሚያገለግሉ ሁሉ ለሐዘኑና ለወቅቱ ተስማሚ የሆነ የፊት ቀለም እንዲኖራቸው በጥብቅ እናሳስባለን።» ከሥሩ ማኅተም አለ። ስለ ጽሑፉ ውበት ምስጋናዬ ይድረስዎ፤ የማንንም ስም አልጠራም፣ ማንንም አላስቀየመም፤ ከከተማው ሕዝብ መካከል ከአንድ ሰው በቀር ማንንም አልከለከለም። ዜኖናስ ብቻ ትንሽ ተጨነቀ። አፍንጫው ዓመቱን ሙሉ ቀይ ነው፤ ምክንያቱን ከተማው ያውቃል። ወደ ቢሮዎ መጥቶ፣ «የኔ አፍንጫስ ለወቅቱ ነው የሚቆጠረው ወይስ ለሐዘኑ?» ብሎ እንደጠየቀዎት ነግሮኛል። «ያንተን ለምደነዋል» ማለትዎንም ነግሮኛል።

ከዚህ በኋላ ያለውን በቁጥር ማቅረብ አልቻልኩም፤ ይቅርታዎን።

መብራቱን ተውኩት። ዶክተሯን ሳልጠይቅ፣ ዩርጊታንም ሰበብ ፈልጌላት፣ ተውኩት። ከንጣቴ ጋር መዝሙሬ ይመለሳል ብዬ ነው። እውነትም በጾሙ ማለቂያ ላይ ፊቴ ለወቅቱ ተስማሚ ሆነ፤ የደረቀ ሊጥ መሰልኩ፤ ቢያዩኝ በኮራሁ ነበር። አጥንቴም አብሮ ተመለሰ። አንድ ጠዋት ወጥ ቤት ቆሜ ስስል ጎኔ ቀጭ ሲል በጆሮዬ ሰማሁት። ጎድኔ ተሰንጥቆ ነበር። ለመዝሙር ብዬ የተውኩት መብራት መዝሙሩንም ይዞብኝ ሄደ፤ የጎድን አጥንቱ የተሰነጠቀ ሰው አይደለም መዘመር፣ ሲያዛጋም እናቱን ይጠራል።

ዶክተር ስካይስቴ እንደ ልጅ ተቆጣችኝ። በዕድሜ ልጄ ልትሆን ትችላለች።

«ማነው መብራቱን ያስቆመዎት?»

«የስንብት አዳራሹ ዳይሬክተር።»

«ወይዘሮ ዙዛና፣ እሳቸው የሚያስተናግዱት ሰው አጥንት ቢሰበር ባይሰበር ለውጥ የለውም። የእኔ ታካሚ አጥንት ግን ለውጥ አለው። ዛሬ ማታውኑ ወደ መብራቱ ይመለሱ።» ተመለስኩ።

እኔ ቤት ተኝቼ ሳለሁ ኮስታንሲያና ዜኖናስ ብቻቸውን ይዘምሩ ነበር። ዜማ የሚያነሳ ሰው ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ኮስታንሲያ ነግራኛለች። በየስንኙ ትንሽ ትንሽ ወደ ታች ይንሸራተታሉ። የመጨረሻው መዝሙር ላይ እሷ በወንድ ድምፅ ትዘምር ነበር፤ ዜኖናስ ደግሞ ከዚያ በታች ቦታ ስላጣ ከንፈሩን ብቻ ያንቀሳቅስ ነበር። «ከሟቹ ቀድመን መሬት ገባን» አለችኝ። አንድም ሐዘንተኛ ቅሬታ አላቀረበም፤ ሁለቱም ነጭ ነበሩና።

ጎኔ ሲጠግግ፣ ቆዳዬም እንደገና ሲጠይም፣ አንድ ቀን በሬ ተንኳኳ። ሦስተኛ ፎቅ ላይ እንደምኖር ያውቃሉ፤ ደረጃውን በከዘራ የወጡት እናትዎ ወይዘሮ ፔትሮኔሌ ነበሩ። በአንድ እጃቸው የራሳቸውን ማር በጠርሙስ፣ በሌላው የመዝሙር መጽሐፍ ይዘዋል። ተቀምጠው እስኪተነፍሱ ጠበቅኩ።

«ዙዛና፣ ልቀጥርሽ ነው የመጣሁት።»

«ለማን?»

«ለማን ይሆናል? ለእኔ።»

«ታመሙ እንዴ?»

«ለምን እታመማለሁ? ጤነኛ ሆኜ ካልተነጋገርን ሞቼ ልንነጋገር ነው?» መጽሐፉን ገለጡ። የሚፈልጓቸውን መዝሙሮች በእርሳስ ምልክት አድርገውባቸዋል። ዜኖናስ ወደ ታች የሚወርድበት እንዳይቀር፤ ያ ስንኙ የማያልቀው ግን እንዳይዘመር፣ «የሰው እግር ይበርደዋል፣ እኔንም በሆዱ ያማኛል» አሉ።

ክቡር ሆይ፣ ልዋሻቸው አልቻልኩም። አዳራሹ ውስጥ መዘመር እንደተከለከልኩ ነገርኳቸው።

«ማነው የከለከለሽ?»

«ልጅዎ።»

«የትኛው?»

«አንድ ነው ያለዎት፣ ወይዘሮ ፔትሮኔሌ።»

«እሱንማ አውቃለሁ» አሉ መጽሐፉን እየዘጉ። «ምናልባት የማላውቀው ሌላ ካለ ብዬ ነው።»

በማግስቱ ወደ አዳራሹ መጡ። እኔ አልነበርኩም፤ ኮስታንሲያ ግን ነበረች፤ አበባ የሚያቀርበው ሰውዬም፣ ቀብር ሊያስመዘግቡ የመጡ ባልና ሚስትም ነበሩ። ከዚህ በታች የምጽፈው በአራት ሰው ምስክርነት የተረጋገጠ ስለሆነ ከተሳሳትኩ ያርሙኝ። እናትዎ በሩ ላይ ቆመው መነጽራቸውን አደረጉና ማስታወቂያውን ጮክ ብለው እስከ ማኅተሙ አነበቡት። እርስዎም ድምፅ ሰምተው ወጡ።

«ይሄን ማነው የጻፈው?»

«እማማ፣ አሁን የሥራ ሰዓት ነው…»

«ጥሩ፣ እኔም የመጣሁት በሥራ ጉዳይ ነው። ሦስት ዓመት ሳይሞላህ እግርህ እንደ ቅንፍ ተጣሞ ነበር፤ ታስታውሳለህ?»

«እማማ።»

«አታስታውስም፤ እኔ ግን አስታውሳለሁ። ያኔ ሐኪም ቤት ሕፃናቱን በውስጥ ሱሪ ብቻ አድርገው፣ ጥቁር መነጽር አጥልቀውላቸው፣ በመብራቱ ዙሪያ ያቆሟቸው ነበር። አንተ ‘ጉጉት አስመሰሉኝ’ እያልክ ታለቅስ ነበር። ክረምቱን ሙሉ በበረዶ ላይ አዝዬ አመላለስኩህ። ሌላው ልጅ ሁሉ እንደ ታጠበ ጨርቅ ነጥቶ ሳለ፣ አንተ በየካቲት የተጠበሰ ዳቦ መስለህ ነበር። እኔ ግን በር ላይ ምንም አልለጠፍኩብህም።»

«ሰው ይሰማል፣ እማማ።»

«ይስማ። አንተ የሰው ፊት በር ላይ ለጥፈህ እኔ ስለ እግርህ አላወራም? ያ እግር ነው ዛሬ ዳይሬክተር ተብሎ ቀጥ ብሎ የቆመው።» ከዚያ ከዘራቸውን ወደ ማስታወቂያው አነሱ። «ለእኔ የምትዘምርልኝ ዙዛና ናት። ይሄ ወረቀት እስኪነሳ አልሞትም፤ ጊዜ አለኝ።»

ቀብር ሊያስመዘግቡ የመጡት ባልና ሚስት ሌላ ቀን እንመጣለን ብለው ወጡ ይባላል።

እርስዎም በዚያው ሳምንት አስታራቂ ሐሳብ በኮስታንሲያ በኩል ላኩልኝ፤ መዘመር እችላለሁ፣ ከመጋረጃ ጀርባ ሆኜ። ኩራቴ እንቢ በል አለኝ። ነገር ግን የሞቱት የደን ጠባቂው ዩስቲናስ ነበሩ፤ በልጅነቴ እንጉዳይ ስለቅም ስጠፋ በትከሻቸው ተሸክመው ያወጡኝ ሰው ናቸው። ስለዚህ ሄድኩ። ከመጋረጃው ጀርባ፣ የአበባ መያዣና መጥረጊያ በተቀመጠበት፣ ሦስታችንም ጉልበት ለጉልበት ገጥመን ተቀመጥን። ጀመርን። ከጎድኔ ስንጥቅ በኋላ በሙሉ ትንፋሽ ለመጀመሪያ ጊዜ የዘመርኩት ያን ቀን ነው። ፈርቼ ነበር። ጎኔ ግን ዝም አለ፤ ድምፄም ወጣ።

መዝሙሩ መሃል ላይ የሟቹ ሚስት ወይዘሮ ብሪጊታ እርስዎን ሲጠይቁ በመጋረጃው በኩል ሰማሁ።

«ድምፁ ከየት ነው የሚመጣው?»

«ከመጋረጃው ጀርባ ነው፣ ወይዘሮ።»

«ለምን?»

እርስዎ ምን እንደመለሱ አልሰማሁም።

«ባሌ ሰው ሲያናግር ፊት ለፊት ነበር» አሉ። «ከጀርባ እንዲዘመርለት አልፈልግም።» ወዲያው መጋረጃው ተሳበ፤ ጫፉ ላይ ያለው ቀለበት ተነቅሎ ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ወይዘሮ ብሪጊታ ትንሽ ቆመው አዩኝ። ዓይናቸው አብጧል።

«ዙዛና ነሽ? ደህና ፊት ይዘሻል።»

«መድኃኒት ነው» አልኳቸው፤ ሌላ ምን እንደምል አላወቅኩም።

«ይሁና። ነይ፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በይ። ከትናንት ወዲያ ጀምሮ የማየው ፊት ሁሉ አመድ ነው።» እጄን ይዘው ወሰዱኝ። እጃቸው በረዶ ነበር። እስከ መጨረሻው ስንኝ ድረስ አልለቀቁኝም፤ እኔም በአንድ እጅ መጽሐፍ መግለጥ ስላልቻልኩ የቀረውን በቃሌ ዘመርኩ። አለቀሱ፤ ልጆቻቸውም አለቀሱ። ስለ ቆዳዬ ቀለም አንድም ሰው ክፉ ቃል አልተናገረም። እርስዎ በሩ አጠገብ ቆመው ነበር። ጎንበስ ብለው የመጋረጃውን ቀለበት ከወለሉ አነሱና ኪስዎ ከተቱት። ያን ጊዜ፣ ልንገርዎት፣ ትንሽ ወደድኩዎት። ነገ ጠዋት ማስታወቂያው ይነሳል ብዬ ቤቴ ገባሁ።

በማግስቱ ሆን ብዬ በዚያ በኩል አለፍኩ። ማስታወቂያው አለ። ነፋስ አንድ ጥጉን ገልጦት የነበረው ብቻ በአዲስ ፕላስተር ተጠግኗል።

ለምን እንደማያነሱት ብዙ አሰብኩ። በመጨረሻ አንድ መልካም ምክንያት አገኘሁ፤ እናትዎ ወረቀቱ እስኪነሳ አልሞትም ብለዋል። እርስዎም ይህን ሰምተው እናትዎን በዚህ መንገድ ሊያቆዩ ከሆነ፣ ከዚህ በላይ ያልኩትን ሁሉ መልሼ እወስዳለሁ። እንዲያውም በፕላስተር አይተማመኑ፤ በሚስማር ይምቱት፣ በመስታወት ይሸፍኑት፣ ዝናብ እንዳይነካው ጣራ ይሥሩለት፤ ዜኖናስ እንጨቱን በነፃ አቀርባለሁ ብሏል። ምክንያቱ ይህ ካልሆነ ግን፣ የሌላውም ሰው እናት ያለ ዜማ አንሺ እንዳትሸኝ ወረቀቱን እንዲያነሱልኝ በታላቅ አክብሮት እጠይቃለሁ።

በበኩሌ መብራቱን አልተውም። አንዴ ትቼው አይቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ዶክተር ስካይስቴ የደም ውጤቴን ስታነብ ከዓመት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ፈገግ አለች። ቆዳዬን በየወሩ ታየዋለች፤ አንድ ቀን ይብቃ ካለችኝም የማቆመው እሷ ስላለች ነው። እስከዚያ ግን የሚጠራኝ ካለ እዘምራለሁ፤ በአዳራሽም፣ በሰው ቤትም፣ በጓሮም። የምሄደውም ይህን ፊት ይዤ ነው፤ ሌላ የለኝም።

ለሰጡኝ ዱቄት፣ ለመጋረጃው፣ ለሳቡልኝም ወንበር ያለኝን ምስጋና ደግሜ እየገለጽኩ፣ ዘመንዎ እንዲረዝም፣ አዳራሽዎም ሥራ እንዲፈታ የምመኝልዎ፣ ከቀረኝ አንጀቴ የማከብርዎ፣

ዙዛና ራውዲዬኔ
ዜማ አንሺ

ግልባጭ፦
ለዳቦ ቤቱ መስኮት፣
ለዩርጊታ ፀጉር ቤት፣
ለአዳራሹ በር፣ ከማስታወቂያው ጎን ትንሽ ባዶ ቦታ ስላለ።

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ለጋዜጣው ከመስጠቴ በፊት እናትዎ አንብበውት ሁለት ቦታ ላይ «ይሄ ለስላሳ ሆኗል» ብለው አርመውኛል፤ የከረሩት ዓረፍተ ነገሮች የእሳቸው ናቸው። ልጃቸው ሲናደድ ከሕፃንነቱ ጀምሮ እስከ አንገቱ እንደ ቀይ ሥር እንደሚቀላም ነግረውኛል። እኛ አገር የቀይ ሥር ሾርባ በቀዝቃዛው የሚቀርበው በበጋ ስለሆነ፣ ያ ቀለም ለወቅቱ ተስማሚ እስኪሆን ድረስ ክቡርነትዎም በራስዎ ማስታወቂያ መሠረት ከአዳራሹ ፈቀቅ ብለው እንዲቆዩ በጥብቅ እናሳስባለን።